የጋቢናው በር

ያ ሰው ወደ ግቢያችን የሚመላለሰው በር ፈልጎ ይመስለኝ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። እንደ እኔ ለዕቃቸው በሚፈታቱ አሮጌ መኪኖች መካከል ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ፍላጎት ሁሉ ከሚታይ ጉድለት ብቻ የሚመነጭ ይመስለዋል። በር የጎደለው በር ይጠይቃል፤ ፍሬቻ የተሰበረበት ፍሬቻ ይጠይቃል። ጉድለቱን በሌላ ጉድለት ሸፍኖ የሚመጣ ደንበኛ መኖሩን አባቴም አላስተማረኝም፤ እኔም አልጠረጠርሁም።

ሰውዬው መስታወት ገጣሚ ነበር። ከአሮጌ ፒካፑ ጀርባ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ መስታወቶች ጭኖ፣ እንቁላል ላይ የሚሄድ ያህል ተጠንቅቆ ይነዳል። የጋቢናው ቀኝ በር ከተገጨ ወዲህ አይከፈትም፤ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ደጋግሞ ከተጠመዘዘ በኋላ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ የአላፊ አግዳሚ እጅ እንዳይቧጭር። መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን ይህን ሽቦ ነው። ለማያውቀው ሰው እጅ የሚጨነቅ ሰው ምን ዓይነት ይሆን ብዬ ቀና ስል፣ እሱም እያየኝ ነበር።

የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አባቴ ስሙን ሳይጠይቅ «ቀኝ በር» አለው፤ ስሙም ሆኖ ቀረ። ቢሮአችን ጎማዎቹ የወለቁ አውቶቡስ ስለሆነ፣ አባቴ በሹፌሩ መስኮት ብቅ ይልና «ቀኝ በር፣ ዛሬስ ይቀናህ ይሆን?» ይለዋል። እሱም «እስቲ እናያለን ጋሼ» ብሎ መፍቻውን ይዞ ወደ ክምሮቹ ይዘልቃል። እኛ ዘንድ ደንበኛ የሚሻውን ዕቃ ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ፈትቶ ነው የሚያመጣው፤ የግቢያችን ደንብ ነው። ሲመለስ እጁ በግሪስ ተለውሶ ይመጣል፤ በር ግን የለም።

«ዛሬም ባዶ እጅህን?» እለዋለሁ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆኜ።

«ባዶ አይደለም፤ ግሪሱን ተመልከቺው።»

«ግሪስ በነፃ ነው።»

«ሳይገዙ ምራቂ የሚሰጥ ቤት እንግዲህ የት ይገኛል?»

ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን፤ ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ከሳቁ ይረዝማል። ያ ዝምታ ምን እንደሚፈልግ ሳላውቅ ሳምንቱን ሙሉ አብሬው እከርማለሁ።

በዚያው ዓመት ግቢዎቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ነበር። አዳዲሶቹ መኪኖች ሲሰበሩ ዕቃቸው በካርቶን ታሽጎ ከሱቅ ይመጣል፤ ጋራዦች ከመጠገን መለወጥ ይቀላቸዋል። የቀረውን ብረት አቅላጮች በሚዛን ይወስዱታል። እኔ ይህን ውድቀት በእግሬ ነው ያጠናሁት፤ ለአባቴ ሳልነግር ለዚያ ሰው በር ፍለጋ በየግቢው ዞሬያለሁና። አንዱ የመኪና እጥበት ሆኗል። ሌላው የሸክላ ንጣፍ መጋዘን። በሦስተኛው ግቢ ደጃፍ የተቀመጡት ሽማግሌ የመኪናውን ዓይነት ስነግራቸው ዓይናቸው ፈካ፤ «እሱ እንኳን ጎበዝ መኪና ነበር» አሉና፣ ስለ ሞተ ጓደኛ የሚያወሩ ያህል ብዙ አጫወቱኝ። በር ግን አልነበራቸውም። እኛም ዘንድ የዚያ ዓይነት ፒካፕ አንድ ብቻ፣ ከአንድ ክምር ሥር ግራ ጎኑ ተጨፍልቆ ተኝቷል፤ ቀኝ በሩ ግን ቦታው ላይ ስላልነበረ ሳይኖረው የመጣ መስሎናል።

አንድ ቀን አባቴ ከጎኑ አስቀመጠኝ።

«ልጄ፣ ለአቅላጮቹ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለኝ። «ሰኞ ሳምንት ክሬናቸውን ይዘው ይገባሉ።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሰበቡ የኪራይ ወይም የዕድሜ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ግቢ ማለት የተፈለገ የሚገኝበት ነው። ያ ምስኪን ዓመት ሙሉ አንድ በር ብሎ ተመላልሶ ከእኛ አጣ። ያን ሳይ የተረፈን ብረት እንጂ ዕቃ አለመሆኑ ገባኝ። ብረት ደግሞ በሚዛን ነው የሚሸጠው።»

በማግስቱ ግን መፍቻ አንሥቼ ወደ ክምሮቹ ገባሁ። ግቢው የሞተ መሆኑን በገዛ እጄ ሳላረጋግጥ ማንም እንዲቀብረው አልፈቅድም ነበር። ቀናቱን ሁሉ ኮፈን ከኮፈን፣ ራዲያተር ከራዲያተር እየለየሁ ቆየሁ። ዓርብ ላይ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ኋላ፣ በሸራ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አገኘሁ። ሸራው በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ደጋግሞ ከተጠመዘዘ በኋላ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል።

ሳልፈታው አወቅሁት። ስፈታው በሩ ወጣ፤ የቀኝ በር፣ ጭረት እንኳ ያልነካው። ዝገት በነገሠበት ግቢ የእሱ ማጠፊያዎች በትኩስ ግሪስ ርሰው ያብለጨልጫሉ።

በማግስቱ ሲመጣ ካገኘሁት በር አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁት። እንዳየኝ ቆመ፤ በሩን እንዳየ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልሁት።

«በር ነው።»

«መቼ አገኘኸው?»

«በሁለተኛው ቅዳሜ። ከተጨፈለቀችው ፒካፕ ላይ ፈታሁት።» መፍቻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ገዝቼው ብሄድ በምን ምክንያት ልመለስ? መኪናዬ ሌላ የጎደለው ነገር የለም።»

«አፍ አልነበረህም?»

«ነበረኝ። የአውቶቡሱ ደረጃ ጋ ስደርስ ግን ጥሎኝ ይሄዳል።»

ደስታ ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ ከደስታው ቀድሞ ግን ቁጣው ደረሰ። ለዚህ በር ያልረገጥሁት ግቢ እንደሌለ ነገርሁት። ቀጥዬም አባቴ ያለኝን ቃል በቃል ደገምሁለት፤ ሚዛኑን፣ ክሬኑን፣ ሰኞን።

«አባቴ ግቢውን የሸጠው ይህን በር ስላጣ ነው» አልሁት። «አንተ ደግሞ ግሪስ ትቀባው ነበር።»

የተሸከመው መስታወት ከእጁ ያመለጠው ሰው ዓይነት መልክ መጣበት። ይቅርታ አላለኝም። በሩን አንሥቶ በትከሻው ተሸክሞ በቀጥታ ወደ አውቶቡሱ አመራ፤ እኔም ተከተልሁት።

በሩን ከአባቴ እግር ሥር አጋደመው። «ጋሼ፣ በሩ እዚሁ ነበር። የደበቅሁት እኔ ነኝ። የእርስዎ ግቢ ያጣው ነገር የለም፤ ድፍረት ያጣሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን በጣቱ አንቀሳቀሰው። ድምፅ አልሰጠም።

«ማነው እንዲህ ግሪስ ያጠጣው?»

«እኔ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

አባቴ እሱን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና በሩን አየ። «ዕቃ የሚሰርቀኝን ሌባ ብዙ አውቃለሁ» አለ። «ዕቃዬን እዚሁ ግቢዬ ውስጥ የሚንከባከብልኝ ሌባ ግን ዛሬ ገና አየሁ።» ወዲያው ፊቱ መልሶ ጠቆረ። «ቢሆንም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ቃል እንደ መኪና በር አይፈታም።»

«አባዬ፣ ምን ብለህ ነው ቃል የሰጠሃቸው?» አልሁት።

«ማንም የማይፈልገውን ብረት ውሰዱ ብዬ ነዋ።»

«እንግዲያው የሚፈለገውን አልሸጥክም።»

«የሚፈለገውን ከማይፈለገው ማን ይለያል?»

«እኔ።»

«እስከ ሰኞ ሳምንት ነው ያለሽ» አለ። በሹፌሩ ወንበር ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ግን ለረጅም ጊዜ ጎብጦ የነበረው ጀርባው ቀና ብሎ ነበር።

ለይተን የምናስቀረውን ዕቃ እንድንሸጥበት ቀኝ በር ከመስታወት ሱቁ ጀርባ ያለውን ባዶ ክፍል አቀረበልኝ። በነፃ እንደማልገባ፣ ኪራይ እንደምከፍል ነገርሁት። «ግሪስ በነፃ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። እየተቆጣሁበት ሳቅሁ፤ ቁጣዬ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ሳምንቱን ከማለዳ እስኪመሽ ፈታን። አባቴ ከሦስተኛው ግቢ ከጠራኋቸው ሽማግሌ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የትኛው ዲናሞ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን እየተከራከረ ይለያል። እኔ እጽፋለሁ፣ አስራለሁ፣ እጭናለሁ። ቀኝ በር መጀመሪያ በሬን ልግጠመውና ጋቢና ውስጥ ተቀመጪ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልሁት፤ የሱ በር የትም አይሄድም፤ አስቀድሞ የሌላው ደንበኛ በር ከግቢው ይውጣ። ስለዚህ በየጉዞው ከፒካፑ ጀርባ፣ በራዲያተሮች መካከል ተቀምጬ ሄድሁ። በኋላ ማሳያ መስታወቱ ውስጥ ዓይኖቹ ከመንገዱ ይልቅ እኔ ላይ ነበሩ፤ ያን ሳምንት ከወትሮውም ይበልጥ ቀስ ብሎ ነዳ።

እሑድ፣ የመጨረሻውን ሞተር ስናወርድ፣ አንድ የዛገ ቡለን አልፈታ አለን። እኔ መፍቻውን ይዣለሁ፤ እሱ ደግሞ ሞተሩን ደግፏል።

«አግቢኝ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«መጀመሪያ ይሄ ይፈታ።»

«ባይፈታስ?»

«ይፈታል።»

ሙሉ ክብደቴን መፍቻው ላይ ጣልሁ። ቡለኑ እሪ ብሎ ዞረ። በክንዴ ላቤን ጠረግሁና «እሺ» አልሁት።

ሰኞ ክሬኑ መጣ። አባቴ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አውቶቡሱ ከፍ ሲልም ፊቱን ሳያዞር እስከ መጨረሻው ተመለከተ። ከዚያ የአውቶቡሱን መሪ፣ እሱን ብቻ ማታውኑ ፈትቶ አስቀርቶት ኖሮ፣ ብብቱ ሥር ይዞ «እንሂድ፤ ደንበኛ ይጠብቃል» አለ።

ከሰዓት በኋላ በመስታወት ሱቁ ደጃፍ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥን፤ የተገጨውን በር አውርደን የተደበቀውን ገጠምን። እኔ ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁና በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።