የነዚፍ የዓርብ ደሞዝ

እትዬ ሙሉብርሃን ብርሌ እያጠቡ ሳለ የተሸካሚው የሁንዴሳ ሚስት ዋሪቱ ሮጣ ገብታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ ባሌን ሊሰቅሉብኝ ነው። ማር ነጋዴውን ነዚፍን ገደልክ ብለው አሰሩት። ነገ ጣሊያኑ ግቢ ነው አሉ።»

እትዬ ሙሉብርሃን መቱ ውስጥ ጠጅ ቤት ከከፈቱ ሃያ ዓመታቸው ነው። ጠጅ ቤት ሰው ስንት ጉድ ይለፈልፋል፤ እሳቸው ሰምተው፣ አበጥረው፣ የጠፋ በሬ ሳይቀር ያስገኛሉ። ድሮ ዳኞች ነገር ሲጠናባቸው ያስጠሯቸው ነበር። ዛሬ ዳኛ የለም፤ ያለው የጣሊያኑ ካፒቴን ነው፣ እሱ ደግሞ ነገር የሚያጣራው በገመድ ነው።

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የነዚፍ ሱቅ ደጅ የቆመው ባንዳ «መግባት ክልክል ነው» አላቸው።

«የዱቤ ጠጄን መጀመሪያ ክፈልና ከልክለኝ» አሉት። መንገዱን ለቀቀ።

ነዚፍ ከባንኮኒው ወዲህ፣ ገዢ በሚቆምበት በኩል፣ በጀርባው ተዘርሯል። ግንባሩ ተፈልጧል፤ የሚዛኑ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ቀኝ እጁ ተጨብጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቋቸው። ሦስት ጠገራ ብር። ሃያ ዓመት ማር ሲሸጥላቸው አንድ ቀን ሚዛን አሳስቶባቸው አያውቅም።

ሚስቱ ዘህራ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች።

«ዘህራ ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ። ይኼ ብር ምንድነው?»

«ደሞዙ ይሆናል፣ እትዬ» አለች፣ ቀና ብላ ብሩን ሳታይ። «ዓርብ ዓርብ፣ እንደ ዛሬው፣ ከጁምዓ ሲመለስ በሩን ይዘጋል። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ከሣጥኑ ያወጣና ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ዞሮ በገዢ በኩል ይመጣና እንደ ተቀጣሪ ቆሞ ይወስዳል። ‹ሱቁ ጌታዬ ነው፣ እኔ ሎሌው ነኝ› ይል ነበር። የወጥ ጨው እንኳ ከዚህ ስንወስድ ከደሞዙ ከፍለን ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኛ ቤተሰቡ፣ ሱቁ ውስጥም የሠራ። ሰው እንዳይስቅበት ዘግቶ ነው የሚያደርገው።»

«የጠፋ ነገርስ?»

«ብሩ አለ። የግብሩ ደብተር ግን የለም። ቱርጁማኑ ለካፒቴኑ ብሎ በየወሩ አሥር ብር ይወስዳል፤ ነዚፍ ይጽፈው ነበር። ሰኞ ራሴ ካፒቴኑ ፊት ቀርቤ ደረሰኝ እጠይቃለሁ ብሎ ለሁሉም አውርቷል።»

የነዚፍ የወንድም ልጅ አባስ ከጓዳ ወጣ። አጎትና የወንድም ልጅ ሰሞኑን እንደተጣሉ ከተማው ያውቃል።

«በምን ተጣላችሁ?» አሉት።

«በራሱ ደሞዝ ነው የተጣላሁት። መንገድ ከተዘጋ፣ ገበያ ከቀዘቀዘ ወዲህ የእኔን አራት ብር ሳይነካ የራሱን ከሦስት ወደ ሁለት አወረደው። ‹ሠራተኛ አይቀነስም፣ ጌታ ነው የሚቀነስ› አለኝ። እኔ ምን ልበለው? አፈርኩ፤ ካፈርኩ ደግሞ እቆጣለሁ።» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ይህን ጊዜ ቱርጁማኑ ሰማን በጫማው ወለሉን እያንኳኳ ገባ። ጣሊያን መቱ የገባ ሰሞን፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከዚሁ ሱቅ ጸሐፊነቱን ጥሎ የሄደ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ደሞዙ እጁ ላይ ነው፤ ስለዚህ የተመታው ከዘጠኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደም ነክቶት የተገኘ ሁንዴሳ ብቻ ነው። ማር ላደርስ ብገባ ወድቆ አገኘሁት፣ ደሙ የነካኝ ላነሣው ስል ነው ይላል። እኔ እንኳ ከዘጠኝ ጀምሮ ካፒቴኑ ጋ ነበርኩ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ ልጄ?»

ሰማን ሳቀ።

«ካፒቴኑ ነገ አውጫጭኝ ይፍቀድልን። አገሬው ይሰብሰብና ነገሩ ይውጣ። ንገርልኝ» አሉት እትዬ ሙሉብርሃን።

«እነግረዋለሁ። እኔው እተረጉምልዎታለሁ» አለ፤ ሳቁ አላማራቸውም።

በማግስቱ ካፒቴኑ ግቢ ሰው ጢም አለ። ገመዱ ከዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁንዴሳ ከሥሩ ታስሯል። ዋሪቱ መሬቱን ትጭራለች። እትዬ ሙሉብርሃን ዘህራን ከካፒቴኑ ወንበር አጠገብ አስቀምጠው ቆሙ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «ሌባ ብር ይወስዳል እንጂ ለሬሳ አያስጨብጥም። ስለዚህ ገዳዩ ብር አልፈለገም።»

ሰማን ተረጎመ።

«ብሩን ያስጨበጠው ነዚፍ ደሞዙን ተቀብሎ የሞተ እንዲመስል ነው፤ ሰዓቱ ከዘጠኝ ወዲህ እንዲሆንለት። ከዘጠኝ በፊት ግን ሁንዴሳ ከሁሩሙ ማር ተሸክሞ መንገድ ላይ ነበር። አብረውት የመጡት እዚህ ቆመዋል።»

ተረጎመ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«ያስጨበጠው ሦስት ብር ነው። የነዚፍ ደሞዝ ሁለት ከሆነ ከረመ። ዘህራ ቢሆን፣ አባስ ቢሆን ሁለት ያስጨብጡ ነበር። ደሞዙ ሦስት እያለ የሚያውቀው፣ መቀነሱን ያልሰማው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሱቁን የለቀቀ ሰው ብቻ ነው።»

ሰማን ይህን አልተረጎመም። ካፒቴኑ ዞሮ አየው። ሰማን ጉሮሮውን ጠርጎ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ።

«ውሸት ነው!» አለች ዘህራ። ለወታደሮቹ ማር ስትሸጥ የለቀመችው ጣሊያንኛ ስብርብር ያለ ነበር፤ ቢሆንም በቃ። «ገዳዩ ሁንዴሳ ነው ብለዋል አለው፣ እትዬ» ስትል ለእትዬ ነገረቻቸውና ወደ ካፒቴኑ ዞረች። ሁለት፣ ሦስት፣ እያለች በጣቷ ቆጠረች። ሰማንን አመለከተች። ከዚያ በየወሩ በካፒቴኑ ስም የተወሰደውን አሥር አሥር ብር፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ነገረችው።

የካፒቴኑ ፊት የቀላው እዚህ ላይ ነው። ነዚፍ መሞቱ ምኑም አልነበረም፤ ግብር ግን እሱ አላዘዘም። የሰማን ቤት ተበረበረ፤ ደብተሩ ከፍራሹ ሥር ወጣ።

ሁንዴሳ ተፈታ። ዋሪቱ ባሏን አንቃ ይዛ «ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ» እያለች አምላኳን ስትጠራ ቆመች። ሰማንን ወደ ዛፉ ወሰዱት።

ሕዝቡ ሊበተን ሲል ካፒቴኑ ጣቱን ዘህራ ላይ ቀስሮ ሁለት ቃል ተናገረ። ዘህራ ወደ እትዬ ሙሉብርሃን ተጠጋች።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን።

«ከዛሬ ጀምሮ ቱርጁማኔ አንቺ ነሽ አለኝ። እትዬ፣ እምቢ ይበሉልኝ።»

እትዬ ሙሉብርሃን አፋቸውን ከፈቱ። ግቢውን ቢቃኙ ያን እምቢታ ለካፒቴኑ የሚተረጉም ከዘህራ ሌላ አንድ ሰው አልነበረም።