ቀይ ክር

ታላቁ ጦርነት አበቃ ተብሎ ደወል በተደወለበት ዓመት፥ በዝናቡ ማብቂያ፥ አንድ ክፉ ሳል ከመርከብ ወርዶ ከተማ ገባ። መርከቡ የባለጸጎቹ ነበር፤ ሰበቡ ግን በመጤ ሠራተኞች ላይ ተለጠፈ። ከንቲባውም፦ «በሽታውን ያመጣብን መጤ ነውና ከሥራ ቦታው በቀር ወዴትም እግሩን እንዳያነሣ!» ብለው አዋጅ አስነገሩ። እሰይ! ከሥራው ከቀረማ የከተማውን እድፍ ማን ያጥብላቸው?

በወንዙ ዳር ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት «እሳቷ» የሚሏት መጤ ሴት ነበረች። ስሙ የወጣላት የመቀቀያ በርሜሎቹን እሳት ስለምትጠብቅ ነው፤ ጠባይዋም ስሟን አላሳፈረውም። ታናሽ እህቷን፥ ለእናታቸው «እንደ ዓይኔ ብሌን አያታለሁ» ብላ ምላ፥ ከአገር ቤት ያመጣቻት እሷ ናት።

በአጣቢዎቹ ዘንድ የጸና ሥርዓት ነበር። የታመመ ሰው ያለበት ቤት አንሶላውን በቀይ ክር አስሮ ይልካል፤ ያም ጥቅል ሳይፈታ እንዳለ ከሚፈላው ውሃ ይገባል። ክር የሌለው ግን ይፈታል፤ ይራገፋል፤ እድፉ የዘይት ይሁን የወይን ለመለየት ወደ አፍንጫ ይጠጋል። በዚህ ሥራ ታናሽየዋን የሚያህላት አልነበረም።

አንድ ጧት ከከንቲባው ቤት ጥቅል መጣ። የከንቲባው ልጅ በሳሉ ተይዛ ተኝታለች፤ ሠርጓ ግን ደርሷል። ገረዲቱ እንደ ሥርዓቱ ቀይ ክር አስራ ነበር፤ የቤቱ አዛዥ ወሬው እንዳይወጣ ለማጠቢያ ቤቱ ጌታ ሹክ ቢለው ጊዜ፥ ጌትዮው በገዛ እጁ ክሩን በጥሶ ከደጃፉ ጣለው። ታናሽየዋ ፈታች፤ አራገፈች፤ አሸተተች።

ሳምንት ሳይሞላ ሳሉ ጣላት። እሳቷ የተበጠሰውን ክር ከጥራጊው መሐል ስታገኘው፥ የከንቲባውን ጥቅል ያን ጧት ጌትዮው በገዛ እጁ እንደ ተቀበለ ትዝ አላት፤ ነገሩ ሁሉ ገባት። እህቷን በልብስ መግፊያው ጋሪ ጭና ወደ ሐኪም ቤት ገሰገሰች።

«አልጋ የለም» አለ ዘበኛው።

«አለ እንጂ! ዛሬ ጧት አንሶላውን የላክሁት እኔ አይደለሁ?»

«እሱ ለአገሬው ነው። እናንተማ አመጣችሁብን!»

«እድፋችሁን ስናጥብ አገራችሁ የት ነው ያለን አለ?»

በሩ ተዘጋ። እሳቷ ጋሪዋን እየገፋች ተመለሰች፤ እህቷን ካስተኛች በኋላ ባልዲ አንሥታ በመጀመሪያው በርሜል እሳት ላይ ውሃ ቸለሰችበት። ጭሱን አይቶ ጌትዮው እየሮጠ መጣ።

«አብደሻል እንዴ? ሐኪም ቤቱ አንሶላ እየጠበቀ ነው!»

«ይጠብቅ፤ እህቴም አልጋ እየጠበቀች ነው።»

«አባርርሻለሁ!»

«ያባርሩኝ፥ ጌታዬ። ከዚያ እጅጌዎን ሰብስበው ይጠቡት፤ ክር መበጠሱን እንደሆነ ያውቁበታል።» ቀዩን ክር ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። የቀሩት አጣቢዎችም ባልዲያቸውን እያነሡ እሳቱን ሁሉ አጠፉት።

በማግሥቱ ሐኪም ቤቱ ነጭ አንሶላ አጣ፤ ለከንቲባው ልጅ ለሙሽራዪቱም የሚለወጥላት ጠፋ። አይ ሰው! ለመጤ ሕመም ያልተነቃነቀ በር ለአንሶላ ሲባል ወለል ብሎ ተከፈተ፤ በየሥራ ቦታው ወድቀው የነበሩ መጤዎችም አልጋ አገኙ፤ የበርሜሎቹም እሳት ዳግም ነደደ።

ታናሽየዋ በሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ ስትተኛ ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። እንደ ልማዷ የአንሶላውን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«እትዬ፥ ያንቺ እጥበት ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል።»

«አዎ፥ የኔ እናት። አይዞሽ።»

ቀኑ ሳይጋመስ አረፈች። በሩ በተዘጋባት በዚያች ዕለት አልጋ ብታገኝ ኖሮ ትተርፍ እንደ ነበር ሐኪሙ ራሱ ተናገረ፤ ምን ያደርጋል!

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ በሐኪም ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ቆመ፤ በላዩም፦ «በክፉው ዘመን ከንቲባችን በቸርነታቸው ይህን በር ለመጤዎች ከፈቱ» ተብሎ ተቀረጸ። እሳቷ አንድ ተማሪ አስቁማ ጽሕፈቱን አስነበበች።

«እሳቱን ማን እንዳጠፋውስ?»

«የለም።»

«እህቴስ?»

«የለችም።»

«ቸርነት! እቴ!» አለችና ከጉያዋ ቀይ ክር አውጥታ ድንጋዩን እንደ በሽተኛ አንሶላ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ዘበኛው በበጠሰው ቁጥር እየተመለሰች ታስር ነበር፤ ጸጉሯ እስኪሸብት ድረስ አልተወችም። እሷ ካለፈች ወዲህ ግን የሚያስር አልተገኘም፤ ድንጋዩም እስከ ዛሬ ከንቲባውን እያመሰገነ ቆሟል።