ለዘንዶው ያልተነሣው ውሻ

ፀሐይ ቀንድ አብቅላ በወጣችበት ማለዳ የኤልዛማር ጠቢባን ታላቅ መዓት ሊመጣ ነው ብለው ጢማቸውን ነጩ። መዓቱ ግን ቀድሟቸው ገብቶ ነበር፤ ዝናብ የሚጠራው የመንግሥቱ መለከት ተሰርቋል። ንጉሥ ሳርዶን ሌባውን ዘንዶ ጉማሮን ማሰር ስላልቻሉ የመለከቱን ጠባቂ አሰሩ። ክረምት ሳይገባ መለከቱ ካልተመለሰ የጠባቂውን አንገት ሊያስቀሉ በዘውዳቸው ማሉ።

የጠባቂው ልጅ ሲሃራ ሽማግሌውን አበጋዝ ድልማርንና ውሻዋን አንበርብርን ይዛ ዘመተች። አንበርብር ከስሙ በቀር ጀግንነት አልነበረውም።

የዘንዶው ዋሻ የሚከፈተው ደጃፉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነፍስ ያለው ሲቀመጥበት ነው፤ የተቀመጠው ከተነሣ ይዘጋል። ችግሩ ጉማሮ በአገሩ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጢሙ የሸበተ ዘንዶ መሆኑ ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ በምርኩዝ ብቅ ሲል በኤልዛማር ሥርዓት ያደገ ሰው «ኖር» ብሎ ከመነሣት አይመለስም። አበጋዙ ራሳቸው ሁለቴ ተነሥተዋል፤ ውስጥ የተቆለፈባቸው ጓዶቻቸው ዛሬም የዘንዶውን ሳህን ያጥባሉ።

«ልጄ፣ ሞትስ አያስፈራኝም፤ አሳዳጊ የበደለው መባሉን ግን አልችለውም» አሏት።

ሲሃራ ወደ ውሻው ዞረች።

ጋቢዋን አነጠፈችና አንበርብር በረገጠው ቁጥር ከአበጋዙ ስንቅ ቋንጣ ሰጠችው። እሱ ግን ቋንጣው ከእጇ እንደሚመጣ ስላወቀ ጋቢውን ነካ አድርጎ ወደ እሷ ይሮጣል። ኋላ ላይ ነገሩ ገባትና ቋንጣውን እዚያው ጋቢው ላይ ታኖርለት ጀመር፤ ያኔ ተኛበት። እየራቀች «ቦታህ» ብላ ወደ ጋቢው ላከችው፤ «በቃ» እስክትለው እንዳይነሣም አስለመደችው። አበጋዙ እንግዳ መስለው እያሳሉ በፊቱ ሲመላለሱ ዋሉ። ቋንጣቸው ሲያልቅ ሆዳቸው ቢባባም ለመንግሥቱ ሲሉ ቻሉት።

በዋሻው ደጃፍ ጋቢው ድንጋዩ ላይ ተነጠፈ። «ቦታህ» ስትለው አንበርብር ሮጦ ተኛ። በሩ እያጓራ ተከፈተ፤ ሲሃራም ገባች። ጉማሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ብቅ ሲል አበጋዙ ከተደበቁበት ቁጥቋጦ ብድግ ብለው እጅ ነሡ። ውሻው ግን አንዴ አየውና አፍንጫውን ጋቢው ውስጥ ቀበረ።

«በዚህ ሁሉ ዘመኔ እንዲህ ተንቄ አላውቅም» አለ ዘንዶው። ከዚያም በንዴት እሳት ተፋበት።

አንበርብር ጅራቱ እየነደደ አለቀሰ፤ ከጋቢው ግን አልወረደም። ሲሃራ መለከቱን ታቅፋ ልቅሶውን ሰማች። «በቃ» ብትለው እሱ ይድናል፤ እሷ ትቆለፋለች፣ አባቷም ይሞታሉ። አፏን በእጇ አፍና ሮጠች፤ ለዚህም ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም። ሳህን አጣቢዎቹ ጀግኖች ተከትለዋት ወጡ። ደፉን ስትሻገር «በቃ!» ብላ ጮኸችና መለከቱን ነፋች። የወረደው ዝናብ ዘንዶውንም አጠፋው፣ የውሻውንም ጅራት። ከጅራቱ ግን የተረፈ አልነበረም።

አባቷ ከእስር በወጡ ዕለት አንበርብር ለደስታው የሚያወዛውዘው ቢያጣ ከወገቡ በታች ሁለመናውን አወዛወዘና ሚዛኑን ስቶ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። አባቷ ሰንሰለት ባቆሰለው እጃቸው አነሡት። ንጉሡ ቆመው እየጠበቁ፣ እሳቸው እጅ ሳይነሡ ውሻውን አቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።