የቅሬው ጣሪያ

«ነይ በዚህ በኩል» አለች ሩት፤ የፈይሩዝን ክንድ ይዛ ወደ ቀኝ ጎተተቻት።

«በዚያኛው ያጥራል እኮ።»

«ነይ አልኩሽ አቦ!»

ለምን እንደሆነ ፈይሩዝ ገብቷታል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሩት ሆን ብላ በአባባ አዳነ በር ታልፋለች። ዛሬም በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሽማግሌው ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ይታያሉ። ሩት ቆመች፣ አፍጥጣ አየቻቸው፣ በራቸው ላይ እንትፍ አለችና መንገዷን ቀጠለች። አባባ አዳነ አንገታቸውን ደፉ። ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ፣ ዱላ ቢያነሱ ለፈይሩዝ በስንት ጣዕሙ!

«ሼም ነው ሩት፤ ትልቅ ሰው ናቸው» አለች ቀስ ብላ።

«ትልቅ ሰው? እናቴን ገድሎ ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ የሚል ትልቅ ሰው!» የሩት ድምፅ ተሰበረ። «እናትሽ ብትሆን ኖሮ አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር?»

ፈይሩዝ እርምጃዋን አፈጠነች። መልሱ ነበራት። ሁለት ወር ሙሉ ለማንም ሳትነግር ይዛው ከርማለች።

ነገሩ የጀመረው በቅሬው ሱቅ ነው። የሰፈራቸው ቅሬ እስላም ክርስቲያኑን አንድ ላይ ይቀብራል። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛውን የሚያበላው እሱ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ቀብር በዝቶ አቅሙ ሲደክም፣ «መርሳ ገበያ ዳር አራት ክፍል ሱቅ ሠርተን እናከራይ» ተባለ። ግንቡ በብሎኬት ቆመ። ጣሪያው ላይ ሲደረስ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ቆርቆሮ እንዲያመጣ ተወሰነ። ያለው አዲስ ገዝቶ መጣ፤ የሌለው ከገዛ ቤቱ ነቅሎ መጣ። አባባ አዳነ ያመጡት ከማድ ቤታቸው የነቀሉትን ነበር። ጠርዙን ዝገት በልቶታል፣ የድሮ ምስማር እንደ ወንፊት በሳስቶታል።

ይህ አይሆንም ያለ ሰው አልነበረም። የሰውን መዋጮ መመለስ «ስትሞት አንቀብርህም» እንደማለት ነው፤ ማን ደፍሮ ይለዋል? እንዲያውም «እገሌ አላመጣም» የሚል ሐሜት እንዳይነሣ በየቆርቆሮው ሆድ የባለቤቱ ስም በቀይ ቀለም ተጻፈ።

ያ ቀይ ቀለም ነው ጣጣ ያመጣው። ሚያዝያ ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ከባድ ነፋስ ተነሣ። የኋለኛው ግማሽ ጣሪያ ከነእንጨቱ ተነሥቶ መንገዱ ላይ ወደቀና ተበታተነ። የሩት እናት እትዬ ውባለም ዝናቡን ሽሽት ወደ ሱቆቹ እየሮጡ ነበር። መትቶ የገደላቸውን ቆርቆሮ ሰዎች ሲገለብጡት «አዳነ ሞላ» ይላል። አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ የአባባ አዳነን ሰላምታ የሚመልስ ጠፋ።

ጣሪያውን የሠራው ደግሞ የፈይሩዝ አባት አብዱልሐሊም ነው። አናጢ ነው፤ እጁ የተመሰገነ። ግንበኛው ከግንቡ አናት፣ ከኮንክሪቱ ውስጥ ወፋፍራም ሽቦዎች አውጥቶ ትቶለት ነበር፤ ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት በእነሱ ተጠፍሮ ከግንቡ ጋር አንድ እንዲሆን። ካልታሰረ እንጨቱ ግንቡ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው እንጂ ጣሪያ አይባልም። ይህን ለፈይሩዝ ያስተማራት ራሱ አባቷ ነው።

ጊዜው ረመዳን ነበር፣ ቅዳሜ። ፈይሩዝ ከሥር ሆና ፒንሳና ምስማር ታቀብላለች። አባቷ የፊት ለፊቱን ግንብ አስሮ ሲጨርስ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ደረሰ። በዚያ ሐሩር ውሃ ሳይቀምስ ውሎ ዝሎ ነበር። «የኋላውን ነገ ጠዋት» አለ። በነጋታው ሲደርሱ ግን ቅሬው በሙሉ ቆርቆሮውን ተሸክሞ ቀድሟቸዋል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጎረምሶቹ ግንቡ ላይ ወጥተው «አቀብል! አቀብል!» ይላሉ። አባቷ ያን ሁሉ ሰው «ቆዩ፣ አልጨረስኩም» ማለት አፈረ።

«ክብደቱ ይይዘዋል» አላት በጆሮዋ፤ መዶሻውን አንሥቶም ወጣ።

ከአደጋው ሁለት ወር አልፎ፣ እሑድ ጠዋት ነበር። ቅሬው አዲስ ጣሪያ ሊመርጥ ተጠርቷል። አባቷ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፤ ያስራል ይፈታል።

«አባ፣ ዛሬ ትነግራቸዋለህ?»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ እኮ።»

ቀና ብሎ አያት። በሁለት ወር ውስጥ ፊቱ ከስቶ የጉንጩ አጥንት ወጥቷል። «ፌሩ፣ የሞተ አይመለስም። እኔ ብናገር ማን ይጠቀማል? ከነገ ጀምሮ የዶሮ ቤት እንኳ ሥራልኝ የሚለኝ የለም። እዚህም፣ ውርጌሳም፣ ሲሪንቃም። ምን ልንበላ ነው?»

«አባባ አዳነስ?»

«ሰው ይረሳል። ይተዉታል።»

«አልተዉአቸውም! ሩት በራቸው ላይ ምራቋን ስትተፋ በየቀኑ እያየሁ ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ!»

«አዲሱን አስረዋለሁ፤ ወላሂ አንድም ሽቦ አልተውም። እኔስ ብሆን እንቅልፍ ያለኝ ይመስልሻል?» እጇን ያዘ። መዳፉ ሻካራ ነው፣ ደግሞም ቀዝቃዛ። «ዝም በይልኝ፣ ልጄ።»

«ዝም በይ» ቢላት ኖሮ በተናደደች። «በይልኝ» አላት። እንዲህ ለምኗት አያውቅም። ደብተሯን ይዛ ከኋላው ተከተለች።

ደብተር የያዘችው ያለ ነገር አይደለም። የቅሬው ጸሐፊ ዓይናቸው ስለደከመ ከአምና ጀምሮ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት። እጅ ጽሑፏ ያምራል ይሏታል። ስለዚህ ሌሎቹ ልጆች ውጭ ሲቀሩ እሷ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ትቀመጣለች።

ስብሰባው ጣሪያ በሌለው ሱቅ ውስጥ ነበር። የቀረውን ቆርቆሮ አውርደውት አራቱ ግንብ ብቻ ቆሟል፤ ፀሐዩ በቀጥታ አናት ላይ ነው። ቅሬው ቆርቆሮ እንዲያማርጡ የላካቸው መምህር ዮሴፍ ከወልዲያ ያመጧቸውን የቆርቆሮ ናሙናዎች መሬት ላይ ዘርግተዋል።

«ይሄኛው ሠላሳ አምስት ጌጅ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሃያ ስምንት» አሉ መምህር ዮሴፍ።

«ታዲያ ምን አከራከረን?» አሉ እማማ ቡርቱካን ከሴቶቹ በኩል። «ሠላሳ አምስቱ ይበልጣላ!»

«አይ እማማ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ቆርቆሮው የሚወፍረው።»

«ኧረ ወዲያ! የተገላቢጦሽ ዘመን!»

ሰው ሳቀ። ከሐዘኑ ወዲህ ቅሬው ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ፈይሩዝ አልሳቀችም፤ አባቷም አልሳቀም።

የቅሬው ዳኛ ሸኽ ሙባረክ በከዘራቸው ስሱን ቆርቆሮ መታ አደረጉት፤ ተንቀጫቀጨ። ወፍራሙን መቱት፤ ድምፁ ደነደነ። «ይሄ ይሻላል። በረዶም አይበሳውም። አብዱልሐሊም፣ ባለሙያው አንተ ነህ፤ ምን ትላለህ?»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሃያ ስምንቱ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አዲስ። አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል ነው ነፋስ የሚገባው።» ማንንም አላየም። መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

ያኔ በበሩ በኩል ማጉረምረም ተሰማ። አባባ አዳነ ገቡ። ማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል፤ በሁለት እጃቸው ደግፈው። መሐል ደርሰው በሩት አባት በአቶ ተስፋዬ ፊት ተንበረከኩ።

«ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ማሩኝ። ሌላ ቆርቆሮ አልነበረኝም። ባዶ እጄን እንዳልመጣ አፍሬ ነው። እኔ በሞትኩ፣ እሷ በኖረች!»

በሰፈሩ ወግ ድንጋዩን የሚያስወርደው የተበደለው ሰው ነው። አቶ ተስፋዬ ፊታቸውን አዞሩ። ሩት ከሴቶቹ መሐል ነጠላ ተከናንባ ትንሰቀሰቃለች። የሽማግሌው ላብ መሬት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ማንም አልተነሣም።

«መጀመሪያ ጥፋቱ ይጻፍ፤ ይቅርታው ከዚያ ይከተላል» አሉ ሸኽ ሙባረክ። «ፈይሩዝ፣ ጻፊ። የአደጋው ምክንያት በአቶ አዳነ ሞላ የተዋጣው አሮጌ ቆርቆሮ መሆኑ ታምኖበታል። ከእንግዲህ ከአባላት ቆርቆሮ አይሰበሰብም። አዲሱ ጣሪያ በሃያ ስምንት ጌጅ፣ እንደ በፊቱ በአናጢ አብዱልሐሊም እንዲሠራ።»

ፈይሩዝ «የአደጋው ምክንያት» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶው ቆመ። እንደ በፊቱ? ቆርቆሮው ቢወፍር፣ ነፋስ ሲያነሣው ይበልጥ ከብዶ ነው የሚወድቀው። አባቷ ያስረው ይሆናል፤ ምሎላታል። ይህን ሰምቶ የሚሄደው ሰው ሁሉ ግን ነገ የራሱን ቤት ሳያስር ቆርቆሮ ብቻ ያወፍራል። ደግሞ ይህ በእሷ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ሊኖር ነው፤ አባባ አዳነ ከሞቱ በኋላም እንኳ።

አባቷን አየችው። አሁን ቀና ብሎ እሷን ያያል። ዓይኑ ይለምናታል።

«ምነው፣ አልሰማሽም?» አሉ ሸኽ።

«ሸኽ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን አውርዱላቸው።» ድምጿ የሷ አልመሰላትም። «የእሳቸው ጥፋት አይደለም።»

«ምን ትላለች ይቺ ልጅ?»

«የኋላው እንጨት አልታሰረም ነበር። ያልታሰረ ጣሪያ ቆርቆሮው አዲስም ቢሆን ይነሣል። እዚያው ነበርኩ፣ ፒንሳ የማቀብለው እኔ ነኝ። መግሪብ ደርሶ ለነገ ተባለ፤ በነጋታው እናንተ ቀድማችሁ መጣችሁ።» ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። «ሽቦዎቹን እዩዋቸው። ያ የፊት ለፊቱ እንደተጠማዘዘ ነው። የኋላውን እዩት፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፒንሳ አልነካውም።»

ሁሉም አንጋጠጠ። ሽቦዎቹ እዚያው፣ ከራሳቸው በላይ ነበሩ። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ከሥራቸው ሲገባ ሲወጣ፣ ሲያለቅስ፣ ሲማማል፣ ቀና ብሎ ያያቸው የለም።

«አብዱልሐሊም?» አሉ ሸኽ ሙባረክ።

አባቷ ተነሣ። ፈይሩዝ «ተናገር አባ፣ አንተ ጨርሰው» እያለች በልቧ ለመነችው። እሱ ግን በተቀመጡት ሰዎች መሐል እየተደናቀፈ፣ ወደኋላ ሳያይ በበሩ ወጣ። አሁኑኑ ተነሥታ ልትከተለው ፈለገች። ደብተሯን ይዛ እዚያው ቀረች።

አቶ ተስፋዬ ብድግ አሉ። ድንጋዩን ከአባባ አዳነ ማጅራት በሁለት እጃቸው አንሥተው መሬት ላይ ጣሉት፤ ሽማግሌውንም በብብታቸው ይዘው አቆሟቸው። ከሴቶቹ መሐል ሩት ቆማ ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ቀን አብረሽኝ ስትሄጂ?»

«አዎ፣ ሩት።»

ሩት ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፈይሩዝ አጠገብ እንዳላየቻት አልፋ ወጣች።

ሸኽ ሙባረክ ወደ ፈይሩዝ ዞሩ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «አንቺ ይብቃሽ ልጄ፤ ደብተሩን ለመምህር ዮሴፍ ስጪና ቤትሽ ግቢ። አባት ነው፤ ከባድ ነው» አሉ።

መምህር ዮሴፍ እጃቸውን ዘረጉ። ፈይሩዝ ደብተሩን አየችው፤ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎበታል። ሌላ ሰው ቢጽፈው ሐሜት ይሆናል። ሌላ ሰው የሚጽፈው አባቷን እንደማይወድ ሰው ነው።

«እኔ እጨርሰዋለሁ» አለች።

እስክሪብቶዋን አስተካክላ ያዘች። የጣሪያው የኋላ እንጨት ከግንቡ ጋር አለመታሰሩን ጻፈች። አናጢው ጾመኛ ሆኖ ሲሠራ መዋሉን፣ ሰዉም ሥራው ሳያልቅ ቆርቆሮ ማውጣቱን ጻፈች። አቶ አዳነ ሞላ ከጥፋቱ ነጻ መሆናቸውን፣ ወደፊትም ሽቦው ታስሮ በሦስት ሰው ሳይታይ አንድም ቆርቆሮ እንዳይወጣ፣ ሸኽ እየነገሯት ጻፈች። የአናጢው ስም ጋ ስትደርስ ሙሉውን ጻፈችው።

ከታች፣ ቃለ ጉባኤውን የያዘው ሰው በሚፈርምበት መስመር ላይ፣ ፈይሩዝ አብዱልሐሊም ብላ ፈረመች።