ዓይናዲስ እና የጣናው ጅረት

«እማ፣ የማያልቅ ውሃ አለ?»

ዓይናዲስ ይህን የጠየቀችው ከምንጭ ወረፋ ስትመለስ፣ ጀሪካኗን ከጀርባዋ ሳታወርድ ነበር። ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ሰቆጣ ዙሪያ ነው፤ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እናቷ የሻሽወርቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ጥቂት አሰበችና፣

«ጣና አያልቅም ይላሉ» አለቻት።

«አይተሽዋል?»

«የት አይቼው? ሲሉ ሰምቼ ነው እንጂ።»

ልጆች፣ ያላዩትን እንዳዩት አድርጎ ማውራት ጥሩ አይደለም። የሻሽወርቅስ ቢያንስ «ይላሉ» ብላለች። ዓይናዲስ ግን «ይላሉ» የሚለውን ጥላ «አያልቅም» የሚለውን ብቻ ይዛ ገባች።

በ1996 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ የደብራቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ወደ ጣና ጉዞ አዘጋጀ። ከሐይቁ መካከል ደሴት አለች፤ በደሴቷም ላይ ሴቶች ጭምር የሚሳለሙት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ ተባለ። የሻሽወርቅ ያንን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ከልጅነቷ ጀምራ ትመኝ ነበር። ለልጆቹ ወጥ የምትሠራ እናት ስትፈለግ እጇን ያወጣች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ዓይናዲስና ጓደኛዋ ኤደንም ከተጓዦቹ ነበሩ። የልጆቹ መሪ መምህር ኤርምያስ የሚባል ወጣት ዲያቆን ነው።

በአይሱዙ ጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጓዙ። ዘመሩ፤ ጠመዝማዛው መንገድ አስመለሳቸው፤ ደግሞ ዘመሩ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ዓይናዲስ ከመኪናው ወርዳ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየች።

«መምህር፣ ማዶው የታለ? ማዶ የለውም እንዴ?»

«አለው። ያንቺ ዓይን ነው ያልደረሰበት» አለ መምህር ኤርምያስ እየሳቀ። «ስንትና ስንት ወንዝ ይገባበታል። ዓባይ ደግሞ ከዚህ ይወጣል። የእኛም ተከዜ ሱዳን ወርዶ ከዚሁ ዓባይ ጋር ይገናኛል።»

«እንግዲያ ዘመዳችን ነው» አለች ዓይናዲስ። ደስ አላት።

ጀልባው ወደ ደሴቷ የሚሄደው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነበር። እስከዚያ ድረስ በሐይቁ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አረፉ።

በማግሥቱ ጠዋት እንግዳው የሚባል ልጅ መጣ። ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱ አያ ደግሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። እንግዳው ለእንግዶቹ ልጆች ዳርቻውን ሁሉ አሳያቸው። ጉማሬ የሚወጣበትን አሳያቸው፤ ወፎች በደንገሉ መካከል ጫጩት የሚፈለፍሉበትን አሳያቸው። ከኮረብታው ወርዳ ሐይቁ ውስጥ የምትገባ አንዲት ትንሽ ጅረት ዘንድ ሲደርሱ ቆመና፣

«ይቺ ክረምት ክረምት አትነካም» አላቸው። «እስከ መስቀል መረብ አይጣልባትም።»

ዓይናዲስ ይህን በጆሮዋ ሰማች። ለምን ብላ ግን አልጠየቀችም።

ከዚያ ወሬ መጣ። እንግዳው ወሬ ይወዳል፤ መተረብም ይወዳል።

«እናንተ አገር ዓሣ አለ?» አለ።

«አለ» አለች ዓይናዲስ።

«የት? ድንጋይ ሥር?»

ልጆቹ ሳቁ።

«የእኛ አገር ሰው ዓሣ የሚይዘው ያለ መረብ ነው!»

«በምን? በጸሎት?»

ልጆቹ አሁንም ሳቁ። ኤደን ሳትቀር ሳቀች። ዓይናዲስን ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠላት የኤደን ሳቅ ነው።

ዓይናዲስ ግን የተናገረችው ውሸት አልነበረም። በበጋ የጥራሬ ወንዝ ሲደርቅ እዚህም እዚያም ኩሬ ይቀራል፤ በየኩሬውም ጥቂት ዓሣ ይቀራል። አጎቷ የብርብራ ፍሬ በድንጋይ ይወቅጣል፤ በጨርቅ ይቋጥረዋል፤ ኩሬው ውስጥ ያወዛውዘዋል። ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ኩሬው በሳምንቱ መድረቁ ስለማይቀር በዚህ የሚከፋ ሰው የለም። ዓይናዲስ ቋጠሮውን ስንት ጊዜ ይዛለታለች።

እነሆም እነሱ ባረፉበት ግቢ ትልቅ የብርብራ ዛፍ ነበር። ከሥሩ ካለፈው በጋ የተረፈ ደረቅ ፍሬ ወድቋል። ዓይናዲስ ፍሬውን አየችው። አለፈችው። ተመልሳ መጣች። ጣና አያልቅም አይደል? ከማያልቅ ላይ አንድ ባልዲ ዓሣ ቢጎድል ማን ያውቃል? እንግዳው ሙሉ ባልዲ ሲያይ አፉ ይዘጋል።

ከምሳ በኋላ ትልልቆቹ ጋደም ሲሉ ዓይናዲስ ፍሬውን ለቅማ በድንጋይ ወቀጠች፤ ባልዲ አነሳችና ኤደንን ጠራቻት። የምታስበውን ነገረቻት።

«ተይ ዓይናዲስ፣ አትነካም ብሎናል» አለች ኤደን።

«መረብ አይጣልባትም ነው ያለው። እኔ መረብ ይዣለሁ?»

ልጆች፣ ሰው ልቡ ወደ ጥፋት ሲያዘነብል ለራሱ ጠበቃ መሆኑ አይቀርም። ኤደንም ተከተለቻት።

ጅረቷ እንደ ጥራሬ ኩሬ የቆመች አይደለችም፤ ትፈሳለች። ስለዚህ ዓይናዲስ ድንጋይ ተሸከመች። ጠባቡ ቦታ ላይ ደረደረች፤ ጭቃና ሣር ጠቀጠቀችበት፤ ውሃው ተቋጠረ። ከዚያ የተወቀጠውን ብርብራ በሻርፗ ቋጥራ አወዛወዘች። ተቀምጠው ጠበቁ።

መጀመሪያ አንድ ትልቅ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ወጣ። ዓይናዲስ አጨበጨበች። ሁለተኛው ወጣ፤ ሦስተኛው ወጣ። የአንዷ ሆድ ተወጥሯል፤ ሲያነሷት እንደ ዳጉሳ የደቀቀ ቢጫ እንቁላል ፈሰሰ። ከዚያ ትንንሾቹ መጡ። ጣት የማያክሉ፣ ጥፍር የማያክሉ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ከዚያም በላይ። ባልዲው ሞላ። ዓሣው ግን መውጣቱን አላቆመም።

«ይበቃል በያቸው» አለች ኤደን።

ዓሣ ይበቃል ቢሉት ይሰማል? ዓይናዲስ ባልዲውን ደፋች። ሻርፗን ብብቷ ሥር ወሸቀች። ሁለቱም ሮጡ።

ጥቂት ቆይቶ እንግዳው በዚያ ሲያልፍ ያንን ጉድ አየ። ወዲያው ጅረቷ ውስጥ ገባና ገና ጉሮሯቸው የሚንቀሳቀስ ዓሦችን እየለቀመ፣ እየታቀፈ፣ ወደ ሐይቁ ንጹሕ ውሃ ይወስድ ጀመር። በዚህ መካከል የዳርቻው ጠባቂ አያ አስማረ ደረሱ። ያዩት ምንድን ነው? የተገደበች ጅረት፣ የሞተ ዓሣ፣ ደግሞም ዓሣ የታቀፈ ልጅ። እጁን ይዘው ወሰዱት።

ከሠርክ ጸሎት በፊት የአካባቢው ሰው በቤተ ክርስቲያኑ በር ተሰበሰበ። የሰቆጣዎቹ ተጓዦችም ወጥተው ቆሙ። አያ ደግሰው ራሱን አቀርቅሯል። እንግዳው አጠገቡ ነው፤ ፊቱ በእንባና በጭቃ ተዥጎርጉሯል።

«ሕጉን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ» አሉ አያ አስማረ። «በክረምት በጅረቷ ዓሣ የያዘ ቤት ታንኳው ከውሃ ይወጣል። እስከ መስቀል አይገባም።»

«አያ፣ ልጄ አላደረግሁም ይላል» አለ አያ ደግሰው።

«ታቅፎ ነው ያገኘሁት፣ ደግሰው። ምን ልበል?»

የሻሽወርቅ ይህን ስትሰማ ልቧ ተነካ። የአንድ ቤት ታንኳ ማለት በየሻሽወርቅ አገር በሬ ማለት ነው። በእርሻ ወራት በሬው የታሰረበት ሰው ልጆቹን ምን ያበላል?

መምህር ኤርምያስ ቀረብ ብሎ፣ «አባቴ፣ ሐይቁ ይህን ያህል ሰፊ ነው። ይቺ ትንሽ ጅረት ስለ ምን ይህን ያህል ትጠበቃለች?» ሲል ጠየቀ።

«ሐይቁ ቤቱ ነው፤ በሩ ግን ይቺ ናት» አሉ አያ አስማረ። «በክረምት ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ በጅረቷ ሽቅብ ይሄዳል። እንቁላሉን ጠጠሩ ላይ ይጥላል። ጫጩቱ ጠንከር ሲል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ደንገሉ ደግሞ ጎርፉ ያመጣውን ደለል ይይዝለታል፤ ጫጩቱንም ከአሞራ ይሸሽገዋል። በር ላይ አንድ ቀን የገደለ፣ የከርሞውን ዓሣ ገደለ። ዓሣ ከሌለ ወፉም ይሄዳል፤ እኛም እንሄዳለን።»

ኤደን ዓይናዲስን አየቻት። ዓይናዲስ ጠጋ አለችና በኽምጣንጋ አንሾካሾከች። ኽምጣንጋ በእነሱ አገር በዋግ በየቤቱ የሚነገር ቋንቋ ነው፤ በዚያ ዳርቻ የሚሰማው ሰው የለም።

«ዝም በይ» አለቻት። «ነገ በጀልባ ሄደን እንሳለማለን። ከዚያ አገራችን ነን። እነሱ አያውቁም።»

አንድ ሰው ግን ሰማ። የሻሽወርቅ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ደነገጠች። ልጇን አልቆነጠጠቻትም፤ ወደ መካከልም አልገፋቻትም። ጎንበስ ብላ በዚያው በኽምጣንጋ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ዓይናዲስ፣ እግዚአብሔርም ኽምጣንጋ ይሰማል» አለቻት።

ከዚያ ቀና አለችና ጠበቀች።

ዓይናዲስም፣ ብናገር በሰው ፊት አፍራለሁ፤ ደሴቷም ትቀርብኛለች ብላ አሰበች። ባልናገር ግን ያ ታንኳ ከውሃ ይወጣል። እንግዳው ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አየች። ጣቶቹ በዓሣ ቅርፊት ተለብጠዋል። ቅርፊቱም እሱ ሊያድነው የሞከረው፣ እሷ የገደለችው ዓሣ ቅርፊት ነው። ያኔ ወደ መካከል ገባች።

«አያ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ዓይናዲስ ነኝ፤ ከሰቆጣ። ድንጋዩንም የደረደርኩ እኔ ነኝ፤ ብርብራውንም የወቀጥኩ እኔ ነኝ። እሱ አልነካም።»

አያ አስማረ ትክ ብለው አዩዋት። «የደጋ ልጅ ብርብራ የት ታውቃለች?»

ሻርፗን አውጥታ ሰጠቻቸው። አሸተቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አጎቴ ሲያደርግ አይቼ ነው። እኛ አገር ኩሬው ይደርቃል። ዓሣው ቢያዝም ባይዝም ሟች ነው። እዚህም እንደዚያ መስሎኝ...» አለችና አቆመች። «አይደለም። አትነካም ሲባል ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ያደረግሁት።» ወደ እንግዳው ዞረች። «አንተን ላናድድህ ብዬ ነው።»

«ተናድጃለሁ» አለ እንግዳው።

ከሕዝቡ አንዳንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የሻሽወርቅም ወደ ፊት መጣች።

«አባቴ፣ ጣና አያልቅም ያልኳት እኔ ነኝ። ሳላይ ተናግሬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ያልቃል፣ እናቴ» አሉ አያ አስማረ ለስለስ ብለው። «ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ነው ሰው የማያየው።» ከዚያም እንግዳውን ራሱን ዳበሱት። «በድዬሃለሁ፣ ልጄ። የደግሰው ታንኳ አይነካም። ይቺም ልጅ እውነቱን ተናግራለች፤ እግዚአብሔር ይፍታት። ጅረቷ ግን ተዘግታለች። ዓሣው መንገድ ይፈልጋል።»

«የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እኔ እከፍተዋለሁ» አለች ዓይናዲስ።

ወዲያው ግን ሰማዩ ጠቆረ፤ ዶፍ ወረደ። ጎርፍ እያለ ማንም ልጅ ወደ ጅረቷ አይወርድም ተባለ። ነገሩ ለጠዋት አደረ።

«ጀልባው የሚነሣው ጠዋት ነው» አላት መምህር ኤርምያስ። «አንድን ሰው አይጠብቅም፣ ዓይናዲስ።»

«አውቃለሁ፣ መምህር» አለች። አልቅሳ ተኛች፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

ሲነጋ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ወደ ጀልባው ወረዱ። ዓይናዲስ ወደ ጅረቷ ወረደች። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ድንጋዩ ጭቃ ስለያዘ ያሟልጫል። አንዱን አነሳች፤ ሌላውን አነሳች። እንግዳው መጥቶ ዳር ቆመ። ገና ተናዶ ነበር። ጥቂት አያትና፣

«እንደዚያ አይደለም፤ ከላይ ጀምሪ። ከሥር ካነሳሽ እግርሽ ላይ ይናዳል» አለና ሱሪውን ሰብስቦ ገባ።

ከጀልባው መምህር ኤርምያስ ተጣራ፦ «እትዬ የሻሽወርቅ፣ ይግቡ እንጂ። ልጅቷን አያ ደግሰው ያያታል። ስንት ዓመት የተመኙት ነው።»

የሻሽወርቅ ደሴቷን አየች። ጉም ገለጥ ብሎላት ዛፎቿ ይታያሉ። ከዚያ ወደ ጅረቷ ዞራ ልጇን አየች።

«ለእኔም ጸልዩልኝ» ብላ መለሰች።

በቆመችበት ፊቷን ወደ ደሴቷ መልሳ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ መሬቱን ተሳለመች። ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ሞተሩ ተነሥቶ ጀልባው ሲርቅ እሷ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበረች። ዓይናዲስ ብቻዋን ያቃታትን ትልቁን ድንጋይ በአንድ በኩል ያዘችላት። አብረው አነሱት። የተገደበው ውሃ ወረደ፤ ከሐይቁም በኩል አንዲት ሆዷ የከበደ ዓሣ በመካከላቸው አልፋ ሽቅብ ሄደች።

ልጆች፣ ብዙ ነው፣ አያልቅም ብለን እግዚአብሔር ለሁላችን የሰጠውን አናጥፋ፤ ያጠፋን እንደሆነም ሌላ ሰው ሳይቀጣበት እኛው ተናግረን በእጃችን እናቅናው።