ስርጉትን ጠይቋት

«ሻሼን እያስተካከልኩ ነበር በይ፤ በቃ» አለች መቅዲ። «ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ። አንች ደግሞ አንዴ ከጀመርሽ አታቆሚም።»

ስርጉት እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። የጠዋቱ ፈረቃ አልቆ ሁለቱም ከትምህርት ቤት ወጥተዋል። የሽንፋ ፀሐይ አናት ይበሳል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ አንዱአምላክ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እየጠበቃቸው ነው።

«ደግሞ ውሸት አይደለም» ቀጠለች መቅዲ። «ያንች ሻሽ መቼ ተስተካክሎ ያውቃል?»

ስርጉት ሳትወድ ሳቀች። መቅዲ ጥሩ ጓደኛ ናት። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፤ ለጓደኛ ስትል ስትዋሽ ዓይኗን አታሽም። ጠዋት ገና ደወል ሳይደወል የሻሹን ነገር ለአንዱአምላክ ነግራው መጥታለች።

ነገሩ የተጀመረው ከትናንት በስቲያ፣ አያ ፈረደ የተቀበሩ ዕለት ነው። አያ ፈረደ ሽንፋ ውስጥ በሰሊጥ እርሻቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ከቀብር መልስ ስርጉት ከእናቷ ከአሰበች ጋር ወደ ድንኳኑ ገባች። እናቷ እንደገቡ እያለቀሱ ወደ ሴቶቹ ሄዱ። ስርጉት ግን የሟች ባለቤት እትዬ ተናኘወርቅ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ከፈተች፤ አንገቷን ደፋች፤ በልቧ ጸልያ ስትጨርስ ፊቷን በመዳፎቿ ዳበሰች። ቀና ስትል ድንኳኑ ጸጥ ብሏል።

ስርጉት የተወለደችው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። አባቷ ደረበ እዚያ ትራክተር እየጠገነ ነው ያሳደጋት። ገዳሪፍ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንዲህ ነው፤ የመጣው ሰው ቆሞ እጁን ይከፍታል፣ ሐዘንተኛውም ተነሥቶ አብሮት ይከፍታል፣ ሁለቱ አብረው ሳይጸልዩ ማንም አይቀመጥም። ልጅ ሳለች አባቷ የሙስሊም ጎረቤት ለቅሶ ይዟት ሲሄድ፣ «እነሱ የራሳቸውን ይላሉ፤ አንች በልብሽ አባታችን ሆይ በይ» ብሏታል። እሷም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደዚያው ታደርጋለች። ከትናንት በስቲያም ማንም አብሯት ባይከፍት ብቻዋን ያለችው አባታችን ሆይን ነው። ግን ልብ ውስጥ የተባለውን ማን ይሰማል? የታየው እጇ ነው።

ሽንፋ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል። እናቷ አሰበች ቤታቸው ሳይደርሱ «የደረበ ልጅ ሰልማለች» ተባለ። ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት እማማ እንጉዳይ ደግሞ «ገዳሪፍ ታጭታለች» የሚለውን ጨመሩበት። በማግስቱ ስሟም ተቀይሯል ተባለ። ስርጉት በእጮኛው ስቃለች። በሌላው ግን መሳቅ አልቻለችም።

ማተቧን ገዳሪፍ ሳለች አንድ ቀን አውልቃ አታውቅም። የክፍሏ ልጆች «ሐበሺያ» ይሏት ነበር። አብራት የምትቀመጠው ሩፊዳ ደግሞ ክሩን በጣቷ ነካ እያደረገች «አይበላሽም?» ትላት ነበር፤ «ሲያረጅ እቀይረዋለሁ» ትላታለች። ጦርነቱ ሲቀርብ ቤተሰቡ ጓዙን ጥሎ በመተማ ዮሐንስ ሲሻገርም ማተቡ አንገቷ ላይ ነበር። እዚህ ስትመጣ ደግሞ «ሱዳኔዋ» አሏት። ሰው አንድ ቦታ እንግዳ ቢባል ምን አለበት፤ ሁለቱም ቦታ ሲባል ግን ያበሳጫል።

ከሁሉ የሚያሳስባት ከበሮው ነው። ኅዳር ሚካኤል እየደረሰ ነው። ዘንድሮ ከሴቶቹ በኩል ከበሮ እንድትመታ የተመረጠችው ስርጉት ነበረች። ገዳሪፍ ሐበሾቹ ተሰብስበው የሚዘምሩት አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ ከበሮው በጣት ጫፍ ነው የሚመታው። እሷ በሙሉ መዳፏ መምታት ትፈልጋለች። አደባባይ ላይ፣ ታቦት ፊት፣ እስኪበቃት ድረስ።

አንዱአምላክ ሲያያቸው ከተቀመጠበት ተነሣ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሰው ማስቀየም ስለሚፈራ ብቻ ነገር ሲያወራ እጁን ያሻሻል።

«ስርጉት፣ እኔ አውቅሻለሁ» አለ። «ግን ወላጆች እየመጡ ይጠይቁኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን እንዴት ትቆማለች ይላሉ። መቅዲ ነግራኛለች… ሻሽሽን ነበር አይደል የምታስተካክይው?»

መቅዲ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ስርጉት «አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች። ከአንዱአምላክ ጀርባ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ መስኮት ውስጥ፣ ከበሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል። አንገቷን ደፋች።

«እንግዲያው አለቀ» አለ አንዱአምላክ፣ ትከሻው ቀሎት። «ከበሮው ያንች ነው። ልምምድ አሥር ሰዓት ነው። አሁን ለሠልስቱ ወደ አያ ፈረደ ቤት እንሂድ፤ መዘምራኑ ቀድመዋል።»

አዎ አላለችም። አይደለምም አላለችም። እሱ የሰማው መስማት የሚፈልገውን ነው። መቅዲ በደስታ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት፤ ስርጉት ግን የፈለገችውን አግኝታ ደስ ስላላላት ራሷ ገረማት። መንገዱን ሙሉ ተናደደች። በመቅዲ አይደለም፤ በራሷ ነው።

ድንኳኑ ሰሊጥ የሚራገፍበት ትልቅ ሸራ ነው። ሰብሉ ገና አልተነሣም፤ ሰውየው አዝመራ መሐል ነው የሞቱት። ነፋስ ሸራውን ባርገበገበው ቁጥር ከእጥፋቱ ውስጥ የቀረ ሰሊጥ ጠብ ጠብ እያለ ሰው ራስ ላይ ይወርዳል። እትዬ ተናኘወርቅ ከልጃቸው ከሰማኸኝ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ካህናቱ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ ናቸው። መዘምራኑ ከበሩ አጠገብ ነበሩና ስርጉትም እዚያው ከመቅዲና ከአንዱአምላክ ጋር ተቀመጠች። እማማ እንጉዳይ ከሴቶቹ መሐል ሆነው ዓይናቸውን ተከሉባት።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ንፍሮ መቅመስ ሲጀምር ባጃጅ ውጭ ቆመ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፣ ጥምጥማቸው አቧራ ጠጥቷል። ስርጉት አላወቀቻቸውም፤ ሰማኸኝ ግን አወቃቸው።

«ሰፍዋን ናቸው» አለ ለእናቱ። «የአባባ ትራክተር ሹፌር የነበሩት ሱዳናዊ።»

ሰፍዋን መሐል ድንኳን መጥተው እትዬ ተናኘወርቅ ፊት ቆሙ። ሁለት እጆቻቸውን ወደ ላይ ከፈቱ።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አልነበረም። እንዲያውም ከአክብሮት ነው፤ ሽማግሌው በሃይማኖታቸው እየጸለዩ ነው፣ እስኪጨርሱ ዝም እንበል ብሎ ነው። ሰማኸኝ አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ ንፍሮውን እፍኙ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ሁሉም ሰፍዋንን ይጠብቃል።

ሰፍዋን ደግሞ እነሱን ይጠብቃሉ።

ይህ የገባት ስርጉት ብቻ ናት። ሐዘንተኛው ተነሥቶ እጁን ካልከፈተላቸው አይጀምሩም። አንዴ የከፈቱትን እጅ ደግሞ ዝም ብለው አያወርዱትም። ገዳሪፍ ቢሆን ኖሮ ሐዘንተኛው እጁን አለመክፈቱ ሐዘንህን አልቀበልም ማለት ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ሰማኸኝ፣ ከዚያ ወደ እትዬ ተናኘ አዞሩ።

«ምነው ቆሙ?» አለ አንዱአምላክ በሹክሹክታ።

ስርጉት እማማ እንጉዳይን አየች። የተሰቀለው ከበሮ ትዝ አላት። ከተነሣች የሻሹ ነገር አበቃለት፤ ከበሮውም አብሮ ይሄድ ይሆናል። ካልተነሣች ደግሞ እኒያ ሰው እንደተከፈተ እጃቸው ሊመለሱ ነው።

ተነሣች። መቅዲ ቀሚሷን ያዝ አድርጋት ነበር፤ አስለቀቀቻት። ከሽማግሌው አጠገብ ሄዳ ቆመችና እጆቿን ከፈተች። ማተቧ ከአንገትጌዋ ወጥቶ ደረቷ ላይ ነው።

«እትዬ» አለች፤ ድምፅዋ እንዳሰበችው አልቀጠነም። «እጅዎን ይክፈቱላቸው። እርስዎን እየጠበቁ ነው። እሳቸው የራሳቸውን ይላሉ፣ እኛ አባታችን ሆይ እንላለን።»

እትዬ ተናኘወርቅ ትንሽ አዩዋት። ከዚያ በሰማኸኝ ትከሻ ተደግፈው ተነሡ፤ እጃቸውን ከፈቱ። ሰማኸኝም ከፈተ። ከካህናቱ አንዱ ከፈቱ፣ ሌላው ጉሮሯቸውን ጠራርገው መሬት መሬት አዩ። ከሴቶቹ የስርጉት እናት አሰበች ከፈቱ፤ እማማ እንጉዳይ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። የሰፍዋን ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ስርጉት በልቧ «አባታችን ሆይ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትዘል። ሽማግሌው ፊታቸውን ሲዳብሱ እሷም ዳበሰችና አማተበች።

«አልበረካ ፊኩም» አሉ ሰፍዋን።

«በረከቱ በእናንተ ላይ ይሁን ይላሉ» አለች ስርጉት።

«አሜን በያቸው» አሉ እትዬ ተናኘ። «ይቀመጡ በያቸው። አንችም እዚሁ ተቀመጭ፤ እየነገርሽኝ።»

ሰፍዋን ተቀምጠው ውሃ ከጠጡ በኋላ በዐረብኛ ማውራት ጀመሩ፤ ስርጉት እየተከተለች ተረጎመች። ፈረደ ዓርብ ዓርብ ትራክተሩን አስቁሞ «ሂድ ስገድ» ይላቸው ነበር አሉ። በእርሻ ጊዜ ግን ፈረደ የራሱን በዓል ይረሳል፤ በሚካኤልም ካልታረሰ ይላል። ያኔ እሳቸው የትራክተሩን ቁልፍ ይደብቁበት ነበር።

እትዬ ተናኘወርቅ ቀና አሉ። «ቁልፉን?»

«ቁልፉን» አለች ስርጉት። «ታቦቱን እንዲያከብር ብዬ ነው ይላሉ።»

«ኧረ ጉድ!» አሉ እትዬ ተናኘ። «ቁልፉ ጠፋ እያለ ቤቱን ሲያምሰው፣ እኔን አንች ነሽ የጣልሽው ሲለኝ የኖረ!» ሳቁ፤ እየሳቁ እንባቸው ፈሰሰ። ሰማኸኝም ሳቀ። ሰፍዋንም እትዬ ተናኘ ያሉት ሳይተረጎምላቸው ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስርጉት ስትወጣ አንዱአምላክ ውጭ ቆሞ እጁን እያሻሸ ነው። መቅዲ ከኋላው ናት።

«ሻሽ አልነበረም» አለ።

«አልነበረም።»

«ታዲያ ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከበሮውን ስለፈለግሁ።»

አንዱአምላክ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። «አሁንስ?»

«አሁንም እፈልገዋለሁ። ግን በሻሽ አልፈልገውም» አለች። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ማተቤን ማንም አስወልቆኝ አያውቅም። ሐዘንተኛ ፊት ደግሞ እጄን እንዲህ ነው የምከፍተው። ያደግሁበት ነው፤ አልተወውም።»

አንዱአምላክ ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየ። «ብቻዬን የምወስነው ነገር አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ከሌሎቹ ጋር መነጋገር አለብኝ። ልምምዱ… ልምምዱ አሥር ሰዓት ነው።» ስለ ከበሮው ምንም ሳይል ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

መቅዲ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻት። «ዋሾ አደረግሽኝ እኮ።»

«ድሮስ ምን ነበርሽ?»

«አንች ጉደኛ!» ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ከዚያ ፊቷ ከበድ አለ። «እሺ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበልልሽ?»

ስርጉት አሰበች። ገዳሪፍ ሳለች ሐበሾቹ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ሲባል አባቷ ነበር የሚመልስላት። እዚህ ደግሞ መቅዲ ልትመልስላት ትሮጣለች። ሁሉም የሚወዷት ሰዎች ናቸው። ግን የእሷን ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ምንም አትበይልኝ» አለች። «ከጠየቁሽ፣ ስርጉትን ጠይቋት በያቸው።»

ነጠላዋን አጣፋችና ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀናች። ሰዓቱ ገና ነው። ዐጸዱ ባዶ ነበር፤ በሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ግን እማማ እንጉዳይ ቀድመዋት ደርሰው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ስርጉት ደጁን ተሳልማ እጅ ነሥታቸው ልታልፍ ስትል ጠሯት።

«አንች ልጅ።»

«አቤት እማማ።»

«ሰልማለች የሚሉሽ እውነት ነው?»

የሚሉት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ሁለቱም ያውቃሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስርጉት አንገቷን ደፍታ ታልፍ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መስኮት በዚያ በኩል ነው፤ ከዚህ ሆኖ የተሰቀለው ከበሮ ጠፍር ይታያል። አላየችውም።

«እንኳን ጠየቁኝ፣ እማማ» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች።