ሞገድ የማይደርስበት ቆላ

እህቴ የትምወርቅና ባሏ ዋለ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ጉብታ ሥር ይኖሩ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ የልጅ ድምፅ ያልተሰማበት ቤት! ስንት ስለት ተሳሉ፣ ስንት ጠበል ተመላለሱ! እህቴ በመጨረሻ ስትፀንስ ዋለ ከደስታው ብዛት ውሃ እንኳ ራሱ ይቀዳላት ጀመር። ጎረቤት ሲስቅበት፣ «ሳቁ! እኔ የምሸከመው ጀሪካን ነው፤ እሷ የተሸከመችው ልጄን ነው» ይል ነበር። እንዲህ የሚወድ ሰው የሚወዳትን እንዴት ያጠፋታል?

በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሙ አድማሴ የጉብታውን ጫፍ ለስልክ ማማ አከራየ። ኔትወርኩ ሲገባ ዋለም እንደ ሰው ስልክ ገዛ። በዚያው ስልክ፣ በዚያው ማማ በኩል በመጣ ቪዲዮ፣ አንድ የማያውቀው ሰው «የማማ ጨረር ፅንስ ያቃጥላል» ሲል ሰማ። ማማው ራሱን አማ፣ ዋለም አመነው።

ሆዷ ገፋ ሲል እህቴን ራስ ምታት ያዛት። ዓይኗ ብዥ አለ፣ እግሯ አበጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሐረግ ግፊቷን ለክታ ደነገጠች። «የደም ግፊት ነው። ነፍሰ ጡር ላይ ሲበረታ እናትንም ልጅንም ይወስዳል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ» አለች። የዋለ ልብ ግን ማማው ላይ ነበር። ባለሙያዎች መጥተው ሞገዱን በመሣሪያ ለክተው፣ ከሚፈቀደው በታች መሆኑን ቢነግሩትም፣ «የማይታይ ነገር ምኑ ይለካል?» ብሎ መለሳቸው። የማይታየውን ፈርቶ የሚታየውን እብጠት ናቀ!

«ዋልዬ፣ ጫማዬ አልገባ አለኝ። ይኼም ከማማው ነው?» አለችው እየሳቀች።

«ከማማው ነው፣ የኔ ዓለም።»

ያን ቀን ዋለ ከአድማሴ ደጅ ሄዶ ጮኸ።

«ልጄን ሸጠህ በላህ!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከነልጆቼ ከሥሩ ነው የማድረው! ምን ሆንን?»

«አንተንማ ብሩ ይጋርድሃል!»

በማግስቱ ለማንም ሳይናገር እህቴን በበቅሎ ጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ፣ አድማሴ ቤቷን የማያውቀው የሩቅ አክስቱ ዘንድ ወረደ። እዚያ ገደሉ ሞገዱን ይከልላል፤ ስልክ አይሠራም። «እዚህ አያገኘንም» አላት። እውነቱን ነበር... ጥሪም እርዳታም አላገኛቸውም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ማለዳ፣ እህቴን አንቀጠቀጣት። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ምላሷን ነከሰች። ዋለ ስልኩን ይዞ ዳገቱን ሮጠ። ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ያንን የሸሸውን ሞገድ ለመነ! «ትንሽ ብቻ! ትንሽ ብቻ!» ኔትወርኩ ሳይደርሰው የአክስቱ እሪታ ከታች ደረሰው።

ልጇን በሆዷ እንደያዘች የቀዬው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት አቀበቱን ሲያጋምሱ፣ የዋለ ስልክ ከኪሱ ጮኸ። አድማሴ ነበር። እሱ፣ ሐረግና እኔ፣ ወደ በረሃው ሲወርዱ ያየ ሰው ጠቁሞን፣ አምቡላንስ ይዘን ከመንገዱ ጫፍ ቆመን፣ የገቡበት ቀዬ ጠፍቶን፣ ከቀደመው ቀን ጀምሮ ስንደውል ነበር።

«ጋሼ! በመድኃኔዓለም፣ የት ነው ያላችሁ? አምቡላንስ ይዘናል! ይሰማሃል?»

ዋለ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

«አሁንማ ይሰማል፣ አድማስዬ... አሁንማ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

በለቅሶው ድንኳን ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው አነቡ። ምን ያደርጋል? ያ እርቅ ማንን ያስነሳል? አንዳንዱ ዛሬም «ማማው ነው የገደላት» ሲል ዋለ አይከራከርም፤ ተነሥቶ ይወጣል። አቤት ዕጣ ፈንታ! ሌላውን በጥላቻው ይቀጣል፣ ዋለን በፍቅሩ ቀጣው። ከሚፈራው ሊያሸሻት ብሎ፣ ከሚያድናት ሁሉ አራቃት።

ያ እንቢ ያላት ጫማ እኔ ዘንድ ነው። ለእኔ ልክ ነው። አላደርገውም።